የሰንበሌጥ መንግሥት መቶ ዘለላ

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ለእናቴ ዘመዶች የላክኋቸው ሁለት ሦስት ደብዳቤዎች የእሷ ቃል ናቸው፤ እኔ እጄን ብቻ ነው ያዋስኳት። ስምንት ዓመት በማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ሆኜ ስሠራ የሠርግ ጥሪ፣ የሳሙና መጠቅለያ፣ የሐዘን ማስታወቂያ፣ የዕቃ መላኪያ ቅጽ፣ ስንቱን ደርድሬአለሁ። ከዚያ ሁሉ አንድ መስመር እንኳ የእኔ አልነበረም። አሁን ባዶ ወረቀት ፊቴ አድርጌ ስቀመጥ እጄን ያልበኛል። ብሳሳት የሚያርመኝ ሰው አጠገቤ የለም።

ማተሚያ ቤታችን ተዘግቷል። ባለቤቱ ሙሴ አርቲን መኪኖቹን አስፈትቶ ባለፈው ሳምንት በባቡር ወደ አዲስ አበባ ጫናቸው። «ነይ፣ እዚያም ሥራ አለሽ» ብሎኝ ነበር፤ እናቴን ጥዬ መሄድ ግን አልቻልኩም። ከሰኞ ጀምሮ ጥጥ ፋብሪካ፣ ፈትል ክፍል እገባለሁ። እዚያ የሚነበብ ነገር የለም ይላሉ።

ማተሚያ ቤት የገባሁት በዐሥራ አራት ዓመቴ ነው። አባቴ የለገሃር ጫኝ ነበር፤ እሱ ሲሞት ከአራተኛ ክፍል ወጣሁ። መጀመሪያ የተሰጠኝ ሥራ ወለል መጥረግና የቀለም ሮለር በላምባ ማጠብ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ወደ መበተን አለፍኩ። መበተን ማለት ታትሞ ያለቀውን ገጽ ፈትቶ እያንዳንዱን የእርሳስ ፊደል ወደ ማደሪያው መመለስ ነው። የአማርኛ የፊደል ሣጥን ከሁለት መቶ በላይ ጉድጓድ አለው። አንዷ ፊደል ያለ ቦታዋ ከገባች ነገ የሰው ስም ይበላሻል። ቤቴ ሄጄ እራት ስበላ «ያቺን ፊደል የት ነው የጣልኳት?» የሚል ሐሳብ ይመጣብኛል። ደመወዜ ትንሽ ነበር፤ ስለ እሱ ብዙ የምለው የለኝም።

ዓይን አፋር ነኝ። ሙሴ አርቲን ሱቅ ሲልከኝ፣ ባለሱቁ ራሱ «ምን ፈለግሽ?» እስኪለኝ ድረስ በር ላይ እቆም ነበር። አንዳንድ ቀን ሳይጠይቀኝ ይቀርና ባዶ እጄን እመለሳለሁ። ፊደል መልቀም የወደድኩት ለዚህ ይመስለኛል። ፊደል ምን ፈለግሽ አይልም።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ዘውዴ ናቸው። ቀጭን፣ ጎንበስ ያሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ የቀኝ እጃቸው ጣቶች ጫፍ ከእርሳሱ ብዛት ጠቁሮ ቀርቷል። «በዓይንሽ አትልቀሚ፣ ዓይን ይደክማል» ይሉኝ ነበር። በእያንዳንዱ ፊደል ወገብ ላይ አንዲት ጭረት አለች፤ አውራ ጣት ያቺን ጭረት ካገኘ ፊደሉ በትክክል መቆሙን ያውቃል። የሚታረም ገጽ ሲያነቡ ከመጨረሻው ቃል ተነሥተው ወደ መጀመሪያው ነው የሚሄዱት። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው «ፊት ለፊት ካነበብኩት ታሪኩ ይወስደኛል፣ ስሕተቱ ያመልጠኛል» አሉኝ።

ከልማዳቸው ሁሉ የበለጠው ግን ሌላ ነው። ምስል ያለበት ሥራ ሲሆን፣ ሳይታተም በፊት ናሙናውን ማንበብ ለማይችል ሰው ያሳዩ ነበር። «አገሩ ግማሹ የሚያነብ ከመሰለሽ ተሳስተሻል» ይላሉ። «የሚገዛው የማያነበው ነው። እሱ የሚያየውን እኛ አናይም።»

ያ ሰው ኤዶ ሐሊማ ነበሩ። ኤዶ በሶማልኛ አክስት ማለት ነው፤ ሁላችንም እንደዚያ እንጠራቸው ነበር። ከመልካ ጀብዱ በኩል በየማለዳው ወተት ያመጡልናል። እርሳስ የሚነካ ሰው ወተት ካልጠጣ ሆዱን ያመዋል ስለሚባል፣ ሙሴ አርቲን ለያንዳንዳችን አንድ አንድ ብርጭቆ ያስቀዳልን ነበር። ኤዶ ወተቱን ቀድተው ሲጨርሱ ጋሽ ዘውዴ ወረቀቱን ይዘረጉላቸዋል።

አንድ ጊዜ የሳሙና መጠቅለያ ነበር። ፊቷን የምትታጠብ ቆንጆ ሴት ተሥላበታለች፤ አረፋው በጉንጯ ላይ ይወርዳል። ኤዶ ብዙ ተመለከቷትና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ምስኪን። ባሏ ሞተ?»

«ምን አዩ ኤዶ?»

«ታለቅሳለቻ! ወላሂ፣ ይሄን ሳሙና እኔ አልገዛም። ቤቴ ሐዘን ያገባል።»

ሙሴ አርቲን በጣም ተናደደ፤ ነገር ግን ምስሉ የሚታተምበት ክሊሼ እንደገና ተሠራ፤ አረፋው ከጉንጯ ወደ እጇ ወረደ።

አሁን ወደዚያ ሥራ እመጣለሁ። ልጽፈው የፈራሁት እሱን ነው።

አምስተኛ ዓመቴ ላይ ነበርኩ። አንድ መምህር ለትምህርት ቤት ጣሪያ ማሠሪያ ገንዘብ ለመሰብሰብ በባቡር ሠራተኞች ክበብ የሚታይ ቴአትር ጻፈ። በቴአትሩ ውስጥ አንድ ንጉሥ አለ፤ አገሩ ሰንበሌጥ ይባላል። ሕዝቡ ራበን ሲለው ንጉሡ እህል በመፈለግ ፈንታ ገንዘብ ያሳትማል፤ ከሰገነት ላይ ሆኖ ይበትነዋል። መምህሩ ለሚበተነው የሚሆን ገንዘብ እንድንሠራለት መጣ።

«የገንዘቡ ስም ማን ነው?» አሉት ጋሽ ዘውዴ።

«ዘለላ።»

«አገሩስ ወዴት ነው?»

«የትም የለም ጋሽ ዘውዴ፤ እኔ ነኝ የፈጠርኩት።»

«የትም የሌለ አገር ገንዘብ ከየትም አገር ገንዘብ ጋር መመሳሰል የለበትም» አሉ።

በእርግጥም እንዳይመሳሰል ደክመውበታል። ቀለሙን ከመድኃኒት ቤት ሥራ የተረፈ ሐምራዊ አደረጉት። የንጉሡን ፊት በእንጨት ላይ ራሳቸው ቀረጹ፤ ጢሙን የሙሴ አርቲንን ጢም አስመስለውት ቤቱን ሙሉ ሳቅ በሳቅ አደረጉት። ዙሪያውን እኔ ሐረግ ደረደርኩለት። ከትናንሽ አበባና ከቅጠል ፊደሎች አንድ በአንድ ለቅሜ የተጠላለፈ ጠርዝ ሠራሁ፤ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። በፊቱ በኩል «የሰንበሌጥ መንግሥት፣ አንድ መቶ ዘለላ» ይላል። በጀርባው በትልቁ «ለጨዋታ የተሠራ፣ ዋጋ የለውም» ብለን ጻፍን። ጋሽ ዘውዴ ናሙናውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው «ጎበዝ፣ አስካል» አሉኝ። በአምስት ዓመት ውስጥ ያ ሁለተኛው ምስጋናቸው ነበር።

በማግሥቱ ጋሽ ዘውዴ ማልደው ወረቀት ሊረከቡ ወደ ለገሃር ሄዱ። ናሙናውን ለእኔ ሰጥተውኝ «ኤዶ ስትመጣ አሳዪያት። ያለችውን እስክትነግሪኝ መኪናው አይነሣም» አሉኝ።

ኤዶ መጡ። ወተቱን ቀዱ። ናሙናው በሽርጤ ኪስ ውስጥ ነው። መኪናውን የሚያንቀሳቅሰው ሙሉጌታ አጠገባችን ቆሞ ነበር። እሱ ሁልጊዜ ይቀልድብኛል፤ በዚያ ሳምንት ደግሞ በተሰባበረ ሶማልኛ ኤዶን ደኅና አደሩ ስላቸው ሰምቶ ድምፄን እያቀጠነ ሲያስመስለኝ ሰንብቷል። እጄን ወደ ኪሴ ስሰድ አየኝና «አስተርጓሚዋ ልትናገር ነው! ዝም በሉ!» አለ። ሰው ሁሉ ዞር አለ። ፊቴ ጋለ። እጄን መልሼ አወጣሁ። ኤዶ ቅላቸውን አንሥተው ሄዱ።

ነገ አሳያቸዋለሁ ብዬ ነበር። ግን ጋሽ ዘውዴ ወዲያው ተመልሰው መጡ።

«ምን አለች?»

አላሳየኋትም ማለት አንድ ቃል ነበር። እኔ ግን ሌላ ተናገርኩ። «የመድኃኒት ወረቀት ይመስላል አሉ።»

ጋሽ ዘውዴ ሳቁ። «ሐምራዊው ነዋ!» አሉና ሙሉጌታን «አንሣ» አሉት። መኪናው ተነሣ። ቀኑን ሙሉ የሰንበሌጥ መንግሥት ገንዘብ እየታተመ ሲወጣ እኔ በገመድ ላይ አሰጣሁት።

በበነጋው ኤዶ ወተት ይዘው ሲገቡ የተሰጣውን ሐምራዊ ወረቀት ቀና ብለው አዩት። እኔም እንዳዩት አየሁ። ምንም አልጠየቁኝም። እኔም የደረቀውን ከገመድ ማውረድ ጀመርኩ።

ቴአትሩ ታየ፤ ሰው በጣም ሳቀ። ንጉሡ ገንዘቡን ሲበትን ተመልካቹ ተሻምቶ በየኪሱ ይዞት ሄደ።

ጥቂት ቀን አለፈና አንድ ማለዳ ኤዶ ሐሊማ ያለ ወተት መጡ። እንደዚያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም።

«ዛሬ ወተት የለም አባዮ። ገዱዶን ሸጥኳት።»

አባዮ እኅቴ ማለት ነው። ገዱዶ ላማቸው ናት፤ ቀዪቱ ማለት ነው። የምንጠጣው የእሷን ወተት ነበር። የልጃቸው ሠርግ ስለ ደረሰ ለጎጆዋ ዕቃ ሊገዙ ነው የሸጧት። ከሻሻቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈቱና ዐሥራ አንድ ሐምራዊ ወረቀቶች አወጡ።

«ሰውየው አዲስ የወጣ ነው አለኝ። እኔ አውቀዋለሁ አልኩት! እነ አስካል ቤት ሲታተም በዓይኔ አይቼዋለሁ አልኩት። ሰውየው ሳቀ። አንብቢልኝ፣ ስንት ነው?»

ያን ጊዜ ሰው አዲስ ወረቀት ቢያይ አይገርመውም ነበር። በእኔ ዕድሜ እንኳ ሊሬ አይቻለሁ፣ ሺሊንግ አይቻለሁ፣ ጠገራ ብር ሲቀርና ወረቀቱ ሲተካ አይቻለሁ። ትናንት ይሠራ የነበረው ዛሬ አይሠራም ሲባል የገጠር ሰው ለምዶታል። ኤዶ ግን ያመኑት ሰውየውን አልነበረም። ያመኑት እኛን ነው።

ወረቀቱን ተቀበልኩ። ገለበጥኩት። «ዋጋ የለውም» የሚለውን ራሴ ነኝ የለቀምኩት፤ ለኤዶ ግን እኔ በዳር በዳሩ ከደረደርኩት አበባ የተለየ ነገር አልነበረም። ሙሉጌታ መኪናውን አቁሞ ያየን ነበር።

«ጋሽ ዘውዴ ይምጡ» አልኩ። «እሳቸው... እሳቸው ያነቡልዎታል።»

«አንቺ አታነቢም?»

«እሳቸው ይሻላሉ።»

ጋሽ ዘውዴ በጉምሩክ ጉዳይ ወጥተው ነበር። ኤዶ ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። እኔ ወደ ሣጥኔ ተመልሼ አንድ መስመር እደረድርና አፈርሰዋለሁ፣ እደረድርና አፈርሰዋለሁ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቀና ስል ኤዶ ከጀርባዬ ቆመዋል። «እስኪመጣ ቀፊራ ደርሼ ጨርቅ ልይ» አሉኝ። ቀፊራ ገበያው ነው። «እሺ» አልኳቸው። ስለ እውነት፣ እሺ አልኳቸው። ሲሄዱ እንኳ ቀለል አለኝ።

ከብት የጫነው ባቡር ወደ ጅቡቲ ሲነሣ ጩኸቱ ተሰማ። ለገሃር ከእኛ ቤት ቅርብ ነው፤ ገበያ ላይ የተገዛ ከብት በዚያ ባቡር ነው የሚጫነው። ያን ጩኸት ስሰማ እጄ ላይ ያለው መስመር ሁሉ ወለል ላይ ተዘረገፈ።

ጋሽ ዘውዴ በቀትር ሲመጡ ወሬው ቀድሞአቸው ነበር። አንድ ወዛደር በሩጫ መጥቶ «ወተት ሻጯን ያዟት! የሐሰት ገንዘብ ይዛ ጨርቅ ስትገዛ!» አለ። ነጋዴው ጮኾ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ፖሊስ ወስዷቸዋል።

ሙሴ አርቲን በሩን ዘጋ። «ማንም ከዚህ አይወጣም! የቀረውን ወረቀት አቃጥሉት። ገንዘብ አታሚ ብለው ሁላችንንም ያስሩናል!»

ጋሽ ዘውዴ ሽርጣቸውን ፈቱ። የንጉሡን ፊት የቀረጹበትን እንጨት ከመደርደሪያ አውርደው በጋዜጣ ጠቀለሉት።

«ይህን ይዘህ የት ልትሄድ ነው ዘውዴ?» አለ ሙሴ አርቲን።

«የሠራሁትን ሠራሁ ልል።»

«ቤቴን ታፈርሳለህ!»

«ጢምህን ያውቁታል ሙሴ፤ ተደብቀህ አትቀርም» አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ተነሺ። ጠርዙንና ጽሑፉን የደረደርሽው አንቺ ነሽ።»

የደቻቱ ወንዝ ደርቆ ነበር፤ በአሸዋው ላይ አቋርጠን ሄድን። ፖሊስ ጣቢያው ውስጥ ኤዶ ሐሊማ መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ ሻሻቸው ከራሳቸው ወርዶ ትከሻቸው ላይ ቀርቷል። እኔን ሲያዩ ለሃምሳ አለቃው ጠቆሙኝ። «ይቺ ናት! ይቺ ታውቃለች! ጠይቃት!»

ጋሽ ዘውዴ እንጨቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ወደ ኋላ ራቅ አሉ። ሃምሳ አለቃው እኔን አየኝ።

«ተናገሪ።»

ተናገርኩ፤ ግን አልተሰማም።

«ጮክ በይ!»

«የቴአትር ገንዘብ ነው» አልኩ። «አገሩ የለም። ጽሑፉን እኔ ነኝ የለቀምኩት። እሳቸው ማንበብ አይችሉም፤ ተታለው ነው።» በሕይወቴ በሰው ፊት ያን ያህል ተናግሬ አላውቅም ነበር። ጀርባውን ገልብጬ አነበብኩለት። ኤዶ የማነበውን ሲሰሙ ፊታቸው እንዴት እንደሆነ አላየሁም፤ ወረቀቱን ብቻ ነው ያየሁት።

መምህሩም ተጠርቶ መጣና ከመምሸቱ በፊት ለቀቋቸው። ገዱዶ ግን ሄዳለች። ሰውየው ማን እንደነበረ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ስንመለስ ደቻቱ መሐል ጋሽ ዘውዴ ቆሙ።

«የመድኃኒት ወረቀት ይመስላል ያለችው እሷ ናት?»

«አይደለችም።»

«ማን ነው ያለው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

መንገዳቸውን ቀጠሉ። በማግሥቱም ልክ እንደ ወትሮው ሥራ ሰጡኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ናሙና ለኤዶ ማሳየትን ለእኔ አላዘዙኝም፤ ራሳቸው ነበር የሚያሳዩት። ታመው በቀሩ ቀን እንኳ ሥራው እስኪመጡ ይቆያል። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከቤቱ ሰው ተዋጣና ለኤዶ ሁለት ፍየል ተገዛላቸው። ፍየል ላም አይሆንም። የልጃቸው ሠርግ ለሚቀጥለው ዓመት ተላለፈ። ኤዶ ከጎረቤት ወተት እየተረከቡ ማምጣት ቀጠሉ። ከሁሉ የከበደኝ የዚያን ጊዜ የጀመሩት ነገር ነው። ማንኛውንም ወረቀት፣ የግብር ደረሰኝ ይሁን የክሊኒክ ካርድ፣ ለእኔ ያመጡታል። ሌላ ሰው አንብቦላቸው እንኳ ቢሆን ያመጡታል። «ይቺ ልጅ ፖሊስ ቤት የተናገረችልኝ ናት» ይሉ ነበር ለሰው ሁሉ። «ይቺ አትዋሽም።» በየማለዳው የቅላቸው ድምፅ ከደጅ ሲሰማኝ ዛሬ እነግራቸዋለሁ እላለሁ። ወተቴን እጠጣለሁ። ይሄዳሉ። ሦስት ዓመት እንደዚህ አለፈ።

ጋሽ ዘውዴ ዓይናቸው ደክሞ ዐምና ወደ ዘመዶቻቸው አገር ሄዱ። ሲሄዱ ፊደል የሚደረደርበትን ብረታቸውን ሰጡኝ፤ በአውራ ጣታቸው ተበልቶ ጎድጉዷል። ከእሳቸው በኋላ የምስል ሥራ ሲመጣ እኔ አሳያለሁ። አንድ ጊዜ የአይጥ መርዝ መጠቅለያ ነበር፤ አይጧ ጥግ ላይ ናት፣ መሐሉ ላይ የእህል ዘለላ አለ። ኤዶ «ጥሩ ስንዴ ነው፣ አይጥ እንኳ ፈልጎት መጣ» አሉ። ሥራውን አስቆምኩት። ድምፄ እየተንቀጠቀጠ ነው ለሙሴ አርቲን የነገርኩት፤ ዛሬም ይንቀጠቀጣል።

ባለፈው ሳምንት መኪኖቹ ከተጫኑ በኋላ ባዶውን ቤት ስጠርግ ኤዶ ቅላቸውን ይዘው መጡ። የቀረው ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። ለእኔ ቀዱልኝ። ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጥኩና ነገርኳቸው። ናሙናው ኪሴ እንደነበር፣ እንዳላሳየኋቸው፣ የመድኃኒት ወረቀት ይመስላል አሉ ማለቴን፣ ያን ማለዳም ዋጋ እንደሌለው አንብቤ ዝም ማለቴን፣ ባቡሩ እስኪሄድ።

ቅላቸውን ከድነው ቀና አሉ።

«የመድኃኒት ወረቀት ነው አለች አልሽ? እኔን?»

«አዎ ኤዶ።»

«በእኔ አፍ።»

«አዎ።»

ከላሟ ይልቅ ያ ነው የቆጠቆጣቸው። ሻሻቸውን አጠበቁ። «ብታሳዪኝ ምን እል ነበር?»

«ገንዘብ ነው ይሉ ነበር።»

«መያ!» አሉ፤ አይደለም ማለታቸው ነው። «መጀመሪያ፣ ይሄ ሰውዬ ሙሴ አርቲን ነው እል ነበር።» ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ወዲያው ደግሞ ዋጡት። «ከዚያ ገንዘብ ነው እል ነበር።»

እኔ አለቀስኩ። እሳቸው አላባበሉኝም። ብርጭቆውን ከመሬት አንሥተው በእጄ አስያዙኝ፤ እስክጨርስ ቆሙና ባዶውን ተቀብለው በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉት። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞሩ።

«የሰው ሁሉ ነገር ስትጽፊ ኖርሽ። የእኔንም ጻፊ። እኔ ያላልኩትን አትጨምሪ። ላሜ ገዱዶ ነበር ስሟ። አባዮ፣ እንዳትሳሳቺ።»